ከወፍራሙ ክር በታች

ሆሳዕና ውስጥ ኦርኬስትራ የለም። የከተማው ሰው ይህን ያውቃል ከምል ማንም አስቦት አያውቅም ብል ይቀላል። እኔ ግን ላለፉት ስድስት ዓመታት ለኦርኬስትራ ሙዚቃ ስጽፍ ነው የኖርኩት። ሥራዬ የሂሳብ አስተማሪነት ነው። ጠዋት ጠዋት አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቼ ከተማሪዎቼ ጋር እጨቃጨቃለሁ፤ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ብቻዬን ተቀምጬ ስድሳ የሚሆኑ ሙዚቀኞችን አዛለሁ። ሁሉም የሚኖሩት አንድ ኪቦርድ ውስጥ ነው።

ተቀምጬ አልኩ እንጂ መቀመጥስ አልችልበትም። አሥር ደቂቃ ጽፌ እነሳለሁ፣ አግዳሚ ወንበሮቹን እዞራለሁ፣ በሩ ድረስ ሄጄ የሚያልፈውን ባጃጅ አያለሁ፣ ተመልሼ የጻፍኩትን እሰርዛለሁ። ዘበኛው መጀመሪያ ሰሞን ዕቃ የጠፋብኝ መስሎት አብሮኝ ከወንበር ሥር ይፈልግ ነበር።

«ምን ጠፋብሽ፣ ቲቸር?»

«ምንም አልጠፋብኝም።»

«ታዲያ ተቀመጪያ!»

እውነቱን ነው፤ ግን ቀልቤ አያርፍም። ፈተና ስፈትን እንኳ ጣቶቼ ጠረጴዛውን ስለሚደበድቡ «ቲቸር፣ እየረበሽሽን ነው» ብለውኝ ያውቃሉ፣ የገዛ ተማሪዎቼ።

ኪቦርዱ የኳየሩ ንብረት ነው። ሐሙስ የእናቶች ጸሎት አለ፣ ቅዳሜ የኳየር ልምምድ፣ እሑድ አምልኮ፤ ለእኔ የሚተርፈኝ አራት ቀን ነው። ኪቦርዱ አሥራ ስድስት መስመር ይቀዳል። በአንደኛው ቫዮሊን እቀዳለሁ፣ ወደ መጀመሪያው እመልሰውና በላዩ ላይ ዋሽንት፣ ከዚያ መለከት፣ መጨረሻ ላይ ከበሮ እጨምራለሁ። ሙዚቀኛው ሁሉ እኔው ነኝ። ሲሳሳቱ የምቆጣቸውም እኔ፣ ተቆጣችን ብለው የሚያኮርፉትም እኔው። መብራት ድርግም ካለ ያላስቀመጥኩት ሁሉ ውሃ በላው፤ ስለዚህ በየስምንት ባሩ፣ በየስምንት የምት ክፍሉ ማለት ነው፣ ቆም ብዬ አስቀምጣለሁ። የሙዚቃዬ የመጀመሪያው ክፍል ቁርጥርጥ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ቢጠይቀኝ ሆነ ብዬ ነው ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር፤ ጠያቂ ጠፋ እንጂ።

ቀድቼ ስጨርስ ጣቴ ያረፈበትን ኖታ በእርሳስ ወረቀት ላይ አሰፍራለሁ። አምስቱን መስመሮች በተማሪ ማስመሪያ ነው የማሰምራቸው። ኖታ ያስተማረኝ አንድ ፎቶ ኮፒ የሆነ መጽሐፍ ነው፤ ሢሶው ጎድሏል፤ የጎደለው ደግሞ ስለየመሣሪያው የሚያወራው ክፍል ነው። የቀረውን ከስልኬ እያየሁ ሞላሁት፤ ካርዴ እስኪያልቅ ማለት ነው።

አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አንዱ፣ የጃጁራ ሰው ናቸው፣ ለስብሰባ ቀድመው መጡና ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው አዳመጡኝ። ስጨርስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ይሄ መዝሙር ነው ወይስ ዘፈን?»

«ሁለቱም አይደለም፣ አባባ።»

«ሦስተኛ አለ እንዴ?»

ምን ልበላቸው? ቃል የለውም፣ ስለዚህ መዝሙር አይሉትም፤ የሚያስጨፍር ነገር የለውም፣ ስለዚህ ዘፈን ብለው አይከለክሉኝም። ትንሽ አሰቡና «በይ ቁልፉን ለዘበኛው መልሺ፤ መብራት ማጥፋትም አትርሺ» ብለውኝ ወጡ። በእሳቸው ቤት ፈቀዱልኝ ማለት ነው። እኔ ግን ተናደድኩ። ቢከለክሉኝ ኖሮ ቢያንስ የሠራሁት ነገር ስም ይኖረው ነበር።

የምጽፈው ስለ መንገድ ነው። ማስተማር የጀመርኩት ሺንሺቾ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በዱራሜ በአንጋጫ አድርጌ ወደ ሆሳዕና እመጣ ነበር። መኪናው በየገበያው ይቆማል፣ ዶሮና የቆጮ እሽግ ይጫናል፣ ረዳቱ በሩን እየደበደበ ይጮኻል፣ ሰው በሦስት ቋንቋ ይከራከራል። ይህን ሁሉ ለመለከትና ለከበሮ አካፈልኩት። ሦስተኛው ክፍል ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም ዝም ይላል። አንድ ቫዮሊን ብቻውን ደረጃ በደረጃ እየወረደ ይመጣል፣ ታች ይደርሳል፣ እዚያው ይቆማል። አሥራ ሁለት ባር ሙሉ ያንኑ አንድ ድምፅ ይዞ ይቆያል። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም ነበር። እሱ ሲመጣ ግን እግሬ አርፎ ይቆማል፤ አዳራሹን የማልዞረው ያን ጊዜ ብቻ ነው። የቀረው ሙዚቃ በሙሉ እዚያ ለመድረስ የተጻፈ ነው ብል ውሸት አይሆንም።

የሚያንገበግበኝ ነገር ይህ ነው፤ በሕይወቴ እውነተኛ ቫዮሊን አጠገቤ ሆኖ ሰምቼ አላውቅም። ኪቦርዱ ይህ ቫዮሊን ነው አለኝ፣ አመንኩት። የጻፍኩት ሙዚቃ ነው ወይስ የአንድ ማሽን ድምፅ? ከዚህ ሳጥን ወጥቶ ሰው እጅ ቢገባ ይኖራል ወይስ ይሞታል? አንዴ፣ አንዱን ገጽ ብቻ፣ በሰው እጅ ልስማው። ከኖረ እቀጥላለሁ፤ ካልኖረ ወረቀቶቹን እቀዳድዳቸዋለሁ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንደ ሰው ቤቴ እገባለሁ። እንዲህ ብዬ ለራሴ ቃል ከገባሁ በኋላ ሁለት ዓመት አለፈ። ቫዮሊን ከየት ይምጣ?

ባለፈው ጥር ጎረቤቴ ልጃቸውን ዳሩ። የእሳቸው አባት ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸውም በገንዘብ ያዥነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ እትዬ ነው የምላቸው። ሰርጉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው በአጥር በኩል ጠሩኝ።

«የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ ይመጣል። ቫዮሊን አስተማሪ ነው፤ ለሙሽሪት ይጫወትላታል። አንቺ እንዲህ ያለ ነገር ትወጃለሽ አይደል?»

ትወጃለሽ አይደል! ያን ሳምንት ምን እንዳስተማርኩ ተማሪዎቼ ይንገሯችሁ። ሦስተኛውን ክፍል አምስት ጊዜ አጥርቼ ገለበጥኩ። ሰርጉ ቀን ድንኳን ውስጥ ሳህኔን እንደያዝኩ ጠበቅሁ፤ ሙሽሮቹ ሲገቡ ልጁ ቫዮሊኑን አንገቱ ሥር አድርጎ ተነሳ። ግን ድምፁን በድምፅ ማጉያ ነበር የለቀቁት፤ ማጉያው ያፏጫል፣ ሰዉ እልል ይላል፣ እኔ የሰማሁት ፉጨትና እልልታ ብቻ ነው። ይህ አይቆጠርም ብዬ ወሰንኩ።

በማግስቱ መልስ ላይ አድብቼ ያዝኩት። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ትሑት ልጅ ነው።

«አንድ ገጽ ብቻ ተጫወትልኝ» አልኩት።

«ነገ ዘጠኝ ሰዓት መኪና አለኝ።»

«ስምንት ሰዓት ላይ ና። ከመናኸሪያው ሩቅ አይደለም። ዕቃህን እኔ እሸከማለሁ።»

በማግስቱ ዓይኔን በጨው አጥቤ ለትምህርት ቤቱ ደወልኩና አሞኛል አልኩ።

በሰዓቱ መጣ። ገጹን መድረኩ ላይ ያለው አትሮኖስ ላይ ዘረጋሁለት። ጎንበስ ብሎ አየው፤ መስመሮቹን በጣቱ ነካ ነካ አደረጋቸው።

«ማስመሪያ ነው እንዴ? እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው ያለዎት፣ ቲቸር!»

ትዕግሥት! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው እንዲህ ያለኝ ሰው ያገኘሁት። እሱ ቫዮሊኑን አወጣ፣ ክሮቹን አንድ በአንድ እየሳበ ቃኘ። ያቺ ቅኝት ብቻ ትበቃ ነበር። ከእንጨቱ የሚወጣው ድምፅ ወለሉን ይዞ እግሬ ድረስ መጣ፤ ደጋኑ አቅጣጫ ሲቀይር የሚሰማው ትንሽ የትንፋሽ ነገር ኪቦርዱ ውስጥ የለም። እንባዬ መጣ። ከዚያ መጫወት ጀመረ።

የኔ አልነበረም።

ዜማው የኔ ነው፤ አካሄዱ፣ መውረዱ፣ ሁሉም በወረቀቱ እንዳለው ነው። ድምፁ ግን ቀጥኖ ወጣ፤ ደስተኛና ቀበጥ ሆነ። የማላውቃት ልጅ ልብሴን ለብሳ የምታልፍ መሰለኝ። ታች ሲደርስ ያ ድምፅ መሬት አልነካም። እግሬም አልቆመም፤ እንዲያውም እየተጫወተ ሳለ መዞር ጀምሬ ነበር።

«ቆይ፣ ቆይ! ከፍ አድርገኸዋል። ዝቅ አድርገው።»

«እንደተጻፈው ነው፣ ቲቸር።»

«እንደተጻፈው አይደለም!» አልኩ፤ ጮኼ ነበር። ኪቦርዱን ከፈትኩና የራሴን አሰማሁት። አዳመጠ። ከዚያ ጠጋ ብሎ የኪቦርዱን ትንሽ መስኮት አየ።

«ይሄ ሲቀነስ አራት የሚለው ምንድነው?»

ጥያቄውን ሳይጨርስ ገባኝ። ፊቴ ጋለ።

ነገሩን ልንገራችሁ። በእኛ ከተሞች ኪቦርድ የሚማረው ከመማሪያ ቤት አይደለም፤ አንዱ የኳየር ተጫዋች ሌላውን ያሠለጥናል። ሁላችንም የምናውቀው ነጮቹን ቁልፎች ብቻ ነው። ዘማሪው ድምፁ ቀጠነም ወፈረም ጣታችንን አናንቀሳቅስም፤ ትራንስፖዝ የሚባል ቁልፍ አለ፣ እሱን ተጭነን ኪቦርዱን በሙሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እናስኬደዋለን። ጣት በቦታው ነው፣ ድምፁ ሌላ ቦታ ነው። እኔ አዳራሽ ገብቼ ኪቦርዱን ስከፍት ገና ሳልቀመጥ እጄ አራት ጊዜ ወደ ታች ይጫናል። እንደ ጫማ ማውለቅ ነው፤ አላስበውም። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት ጣቴ ያረፈበትን ነበር፤ የሰማሁት ደግሞ ከዚያ አራት እርምጃ በታች ያለውን። ስድስት ዓመት ሙሉ ወረቀቴና ጆሮዬ ተለያይተው ሲኖሩ አራት መቀነስ የረሳሁት የሂሳብ አስተማሪዋ ነኝ።

ልጁ አልሳቀብኝም። ይህን ውለታውን አልረሳም። «ችግር የለም፣ አራት ዝቅ አድርጌ እጫወተዋለሁ» አለና እንደገና ጀመረ። እና አሁን የኔ ሆነ! ወፈረ፣ ከበደ፣ በአንጋጫ መንገድ ላይ ቁልቁል እየወረደ መጣ። አትሮኖሱን ጨብጬ ያዝኩ። ደረጃ፣ ደረጃ፣ ደረጃ፤ ሊደርስ አንድ እርምጃ ሲቀረው ደጋኑ አየር ላይ ቆመ።

«ምነው?»

«የለም።»

«ምኑ?»

ወፍራሙን ክር በጣቱ ሳይነካ ባዶውን ሳበው። «ቫዮሊን የሚያልቀው እዚህ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ከዚህ በታች ነው። እዚያ ክር የለም፣ ቲቸር።»

ለመንኩት፤ አላፍርም። ሰዓቱን አየና ክሩን የሚያጠብቀውን እንጨት ቀስ አድርጎ አላላው። ክሩ ላላ፣ ድምፁም ወረደ፣ ግን የታመመ ሰው ይመስል አጓራ፤ ተርገፈገፈና ከቦታው ሸሸ። ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሦስተኛው ላይ እኔው በቃ አልኩት።

ክሩን መልሶ እየቃኘ፣ እኔን ላለማየት ይመስለኛል አንገቱን ደፍቶ እንዲህ አለኝ፤ «ከቫዮሊን የሚተልቀው ቼሎ ቢሆን ይወጣዋል። ግን አንድ ነገር ልበልዎት? መሣሪያ የሚጫወት ሰው እንዲህ አይጽፍም። ወርዱ፣ አወራረዱ፣ መጨረሻ ላይ ይዞ መቆየቱ፣ ይሄ ለሰው ጉሮሮ የተጻፈ ነው። ወፍራም ድምፅ ላለው ወንድ።»

ገጹን ልውሰደው ብሎ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። መናኸሪያ ድረስ ዕቃውን ተሸክሜ ሸኘሁትና ወደ አዳራሹ በሩጫ ተመለስኩ። ዘበኛው ዛሬስ የጠፋባትን አገኘች ብሎ ሳይሆን አይቀርም፤ በሩን ከፍቶ አሳለፈኝ።

የዚህ ኳየር ዋና ዘማሪ ታላቅ ወንድሜ ነበር። ከዳምቦያ አንድ ላይ ነው ወደ ሆሳዕና የመጣነው፤ እሱ ይዘምራል፣ እኔ ኪቦርድ እመታለታለሁ። ሌላው ሁሉ የሚዘምረው መዝሙር ለእሱ ይቀጥንበታል፤ ሲነሳ አራት ዝቅ አደርግለታለሁ። መዝሙሩ ሲያልቅ ሰዉ ሁሉ ዝም ካለ በኋላ እሱ ታችኛውን ድምፅ ይዞ ይቀራል፤ ማን ቀድሞ ይተነፍሳል ብለን እንወራረድ ነበር። ከዚያ ከዚህ አገር ወጣት ግማሹ እንደሄደው እሱም ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ከሄደ ሰባት ዓመቱ ነው፤ እኔ መጻፍ ከጀመርኩ ስድስት። ሁለቱን ቁጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ አይቼ አላውቅም ነበር።

እንደ ቆምኩ ደወልኩለት። የምናወራው በቤታችን ቋንቋ፣ በከምባትኛ ነው፤ እዚህ ግን በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

«ማን ሞተ?» አለ። በሥራ ሰዓት ከደወልኩ ሰላምታው ይህ ነው።

«ማንም አልሞተም፣ ጋሼ። አንድ ድምፅ እንድታወጣልኝ ነው።»

«ምን?»

«የኳየር ጊዜውን። መዝሙሩ ሲያልቅ ይዘኸው የምትቀረውን።»

ሳቀ። «ሱቅ ውስጥ ነኝ እኮ። ብረት ውስጥ ቆሜ?» በሱቁና በደንበኛው መካከል የብረት ፍርግርግ አለ፤ ፎቶ ልኮልኝ አይቼዋለሁ።

«ብረት ውስጥ ቆመህ። እባክህ።»

ድምፄ ላይ የሆነ ነገር ሰምቷል መሰለኝ፣ መሳቁን ተወ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ አወጣው። ቦታውን አልሳተም፤ ያው ነበር፣ ከቫዮሊኑ ወፍራም ክር በታች ያለው ራሱ። ግን አልቆመም። ሦስት እስክቆጥር እንኳ አልቆየም፤ ተንቀጠቀጠ፣ ተሰነጠቀ፣ ሳል ሆነ።

«እዚህ ቀኑን ሙሉ በብረቱ ውስጥ መጮህ ነው» አለኝ ሳሉን ሲጨርስ። «ያኔ ትንፋሽ ነበረኝ።»

«መዘመር ተውክ?»

«ማን ጋር?»

መቆምም መዞርም አቃተኝ። አንድ ገጽ ላይ ስድስት ዓመት ያሳደድኩት ድምፅ በቫዮሊኑም አልነበረም፣ በእሱም ጉሮሮ ሊቆይ አልቻለም። እንዲህ ብዬ ልነግረው ፈለግሁ፣ ግን እሱ ቀደመኝ።

«አንቺ ለምን ፈለግሽው? እዚያ ኪቦርዱ ላይ አለ እንዴ?»

«አለ።»

«እስቲ አሰሚኝ።»

ስልኩን ድምፅ ማውጫው አጠገብ አስቀመጥኩ። ቫዮሊኑን መረጥኩ፤ እጄ አራት ጊዜ ወደ ታች ተጫነ፤ ይህን ጊዜ እያየሁት። ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩ። ድምፁ አዳራሹን ሞላው። በስልኩ ውስጥ መኪና ያልፋል፣ ሰው ይጮኻል። ስልኩን ትቶት ሄዷል ብዬ ልጠራው ስል የወንድሜ ድምፅ መጣ፤ ዝቅ ብሎ፤

«አዎ። እዚያ ጋ ነበርኩ።»

ከዚያ የሱቁ ብረት ተንኳኳ፤ አንድ ደንበኛ በማላውቀው ቋንቋ የሆነ ነገር ጠየቀ።

«አንዴ ቆዪ፣ አትልቀቂው» አለኝና ስልኩን አስቀመጠ።

ዕቃ ሲያወርድ፣ ዋጋ ሲከራከር፣ ሳንቲም ሲመልስ ይሰማኛል። ኪቦርድ አይተነፍስም፣ አይደክመውም። ሰውዬውን ሸኝቶ እስኪመለስ ድረስ ጣቴን አላነሳሁም።